ከቆርቆሮው ኋላ ያለው ማሰልጠኛ

ባቡር ሊመጣ ነው ተብሎ ጉርድ ሾላ ሲቆፈር መጀመሪያ የጠፋው መንገዱ ነው፤ ቀጥሎ የጠፋነው እኛ ነን። አባቴ መኪና መንዳት ያስተምር ነበር። ዋናው አስፋልት ዳር አንዲት ሰፋ ያለች ክፍል ተከራይቶ፣ ውስጧ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ፣ ግድግዳዋን በመንገድ ምልክት ሞልቶ፣ በጓሮ በር በኩል ደግሞ ጣራዋ ላይ «ተለማማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሰካባትን አሮጌ መኪናውን አቁሞ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሰው ሲያሰለጥን የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኞች መጡና ፊት ለፊታችን ቆርቆሮ አቆሙ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው እኛን አያይም፣ እኛም የሚያልፈውን አናይም። አባቴ በር ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ከላይ እስከ ታች ገረመመውና «ጊዜያዊ ነው» አለኝ። እዚህ አገር ጊዜያዊ የተባለ ነገር ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነ እኔም እሱም እናውቃለን።

ሠልጣኝ ቀስ በቀስ ጠፋ። ድሮ ከታክሲ ወርዶ ቢጫዋን በራችንን አይቶ «እስቲ ልጠይቅ» ብሎ የሚገባ ሰው ነበር ያኖረን፤ አሁን ማን ቆርቆሮ አልፎ ይጠይቃል? መጨረሻ ላይ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ፤ እነሱም ቢሆኑ ፈተና ወድቀው የተመለሱ ነባር ደንበኞች ናቸው።

በዚህ መሐል አከራያችን መጡ። እዚያው ግቢ ከኋላ በኩል የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን የልባቸውን ሳይናገሩ አያድሩም። «ስማኝ ወንድሜ» አሉት አባቴን፣ «ባቡሩ ሲያልቅ እዚህ ቡቲክ ልክፈት የሚል ሰውዬ በር በሬን ይለኛል። እኔ ደግሞ ደጄ ላይ ጭር ያለ ቤት ማየት አልወድም፣ ያስፈራኛል። አዲስ ዓመት ሲመጣ ክፍሏ በሰው ሞልታ ካየኋት የእናንተው ናት። ባዶዋን ካገኘኋት ግን እንዳትቀየሙኝ።» አባቴም «ይሁን እትዬ፣ እንዳሉ» አለ። ምን ይበል?

ማሰልጠኛው ከተዘጋ ምን እንደሚሆን ቤታችን ውስጥ በደንብ ይታወቃል። አንድ ጊዜ ወገቡን አሞት ቤት ዋለ። እናቴ ሳሎን ስትጠርግ አልጋ ላይ ሆኖ «ከመታጠፍሽ በፊት ከኋላ ያለውን እዪ እንጂ!» ይላታል። ጎረቤት በሩን ሲከፍት «ድንገት አይከፈትም፣ ቀስ!» ይላል። እናቴ መጥረጊያውን ወርውራ «ይሄ ሰውዬ ቤት የሚቀር ከሆነ አንዳችን እንወጣለን!» ብላ ማለች። ይህንን እየሳቅን ነው የምናወራው። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ፈርቼ ነበር። አባቴ የሚያስተምረው ሰው ካጣ ምን ሆኖ እንደሚኖር ማሰብ አልቻልኩም።

እኔ ያኔ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ፈት ነበርኩ። ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት እገተራለሁ፣ ማታ ስልኬ ላይ አፈጣለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ሳስበው፣ ከአያት እስከ መገናኛ ያለ ሰው መንጃ ፈቃድ ማውጣት ሲያምረው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል! እኔም ፈለግሁ። በአማርኛ የተጻፈ የረባ ነገር የለም። አንዱ ጋ ሁለት መስመር፣ ሌላው ጋ የሚሸጥ መኪና፣ ሌላው ጋ ደግሞ አበባ የለበሰ የሙሽራ መኪና። ልቤ ዘለለች። ሜዳው ባዶ ነው ማለት ነው!

ከዚያ በኋላ ኔትወርክ በፈቀደልኝ መጠን ሳነብ ሰነበትኩ። የገባኝ ይህ ነው፤ አንድ ድረ ገጽ ስለ አንድ ጉዳይ ሰው ሊጠይቅ የሚችለውን ሁሉ አሟልቶ ከመለሰ፣ የኢንተርኔቱ መፈለጊያ «ይሄስ ነገሩን ያውቀዋል» ብሎ ያምነውና ከሁሉም በላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ትልቅ ዋና ገጽ ይኖራል፤ ከሥሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ገጽ ይሠራለታል፤ ሁሉም እርስ በርስ ይያያዛሉ። አንዱን ለማንበብ የመጣ ሰው ሌላውንም እያነበበ ይቆያል። ዝም ብሎ እንደ መጣ አይጻፍም፣ መጀመሪያ በደንብ ይታቀዳል። እየተጣደፍኩ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት።

«እንዴ! አውቃለሁ ብዬ ለማሽን ላስመስክር?» አለኝ። «ጉርድ ሾላ ላይ እኔን የማያውቅ ማነው?»

«ቆርቆሮው» አልኩት።

እሱ ግን አልተሸነፈም። ማታ እራት ላይ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። «ቆይ፣ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚነሳ ለሰው በነጻ ከጻፍሽለት ለምን ብሎ እኔ ጋ ይመጣል? ዕድሜ ልኬን ያካበትኩትን ሙያ መንገድ ላይ ልትበትኚው ነው?»

«አባዬ፣ ሰው አንብቦ መኪና ይነዳል? አንብቦ አንብቦ መሪ ሲይዝ እግሩ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ያኔ ወደ ማን ይሮጣል? ወዳስነበበው ሰው ነዋ!»

እናቴ ከወጥ ድስቱ ቀና ሳትል «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለች። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

ክፍሉ ውስጥ፣ ከመንገድ ምልክቶቹ ጎን፣ ትልቅ ወረቀት ለጠፍንና ማቀድ ጀመርን። እዚህ ላይ ነው ጠባችን የጀመረው። እኔ ሰው የሚጠይቀውን እንጻፍ እላለሁ፤ አባቴ ሰው ማወቅ የሚገባውን። «ሁሉንም ነገር አሟልተን እንጻፍ አላልሽም? ሁሉም ካልሽ ሁሉም ነው!» ብሎ ከጎማ አፈጣጠር ሊጀምር ተነሳ። ከጎማ ቀጥሎ ጣልያን ያመጣው የጭነት መኪና፣ ከዚያ የድሮ ሾፌር ክብር፣ ከዚያ ሾፌር ለምን ቁርስ ሳይበላ መውጣት እንደሌለበት። «አባዬ፣ ‹ሾፌርና ቁርስ› ብሎ የሚፈልግ ሰው በዓለም ላይ የለም!» ብዬ ጮህኩ። «ለዚህ ነው አደጋ የበዛው» አለኝ፣ በጣም ረጋ ብሎ። ሊያፈነዳኝ!

ስለዚህ ጥያቄ ፍለጋ ወደ አግዳሚው ሄድኩ። ተራቸውን የሚጠብቁትን ሠልጣኞች «የከበዳችሁ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ እንጃ፣ የእኛ ሰው በራሱ ስም ጥያቄ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። አንዷ «እኔ እንኳን ደህና ነኝ፤ አንድ ጓደኛዬ ግን ፈተና ላይ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ታድርግ?» አለች። ሌላው «የሰፈሬ ልጅ አለ፣ ግራና ቀኝ ይምታታበታል» አለ። ደልደል ያሉት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ ጠጋ ብለው «አንድ የማውቀው ሰው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ሚስቱ አጠገቡ ከተቀመጠች መንዳት አይችልም» አሉኝ። ሁሉንም ወረቀቱ ላይ አሰፈርኩ። እነዚያ ጓደኞችና የሰፈር ልጆች በአካል ቢኖሩ ኖሮ ክፍላችን ሞልቶ በተረፈ ነበር።

መልሱን ከአባቴ አፍ ለመቀበል ደግሞ መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ መሄድ ነበረብኝ። ዳገት የሚያስተምረው ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ነው። በዚያ ቀን መሪ የያዘችው የባንክ ሠራተኛ ነበረች፤ ላብ በላብ ሆናለች። ልክ አንድ ቁልቁለትና ዳገት ያለበት ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ እንጨት የጫኑ አህዮች ከላይ መጡብን። መኪናዋ ጠፋች። አህዮቹም ቆሙ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን።

«ፍሬን! ፍሬን! ፍሬን አልኩሽ እኮ! ያ ፍሬን ነው? እሱ ፍሪሲዮን ነው! በማርያም!»

እኔ ከኋላ እስክሪብቶዬን ይዤ ይህንን ነው የምጽፈው። ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው ገጹ ሙሉ ጩኸት ነው። ይህንን ወደ ትምህርት መቀየር ነበረብኝ። «በማርያም!» ያለበትን ሁሉ «በዚህ ጊዜ መረጋጋት ያስፈልጋል» ብዬ ተካሁት። ደግነቱ አባቴ ከጮኸ በኋላ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ወርቅ የሆነ ነገር ይናገራል። ያን ቀንም እጅ ፍሬኑን ይዞ፣ አህዮቹን አሳልፎ፣ ልጅቷን አየት አደረገና «ፍሪሲዮኑን የተኛ ሕፃን ላይ ያለ ብርድ ልብስ እንደምትገልጪ አድርገሽ ልቀቂው» አላት። ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። መኪናዋ ወጣች። እኔና አባቴ አጨበጨብን። ያችን አንዲት ቃል ሳልነካ እንዳለች ጻፍኳት።

ደግሞ የሰላምታው ጣጣ አለ። ጥቂት ገጾች እንዳለቁ ላነብለት ስጀምር አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ዝም ብሎ ዘው ነው እንዴ? ሰው ቤት ገብተሽ እንደምን ዋላችሁ ሳትዪ ወሬ ትጀምሪያለሽ?» አለ። ከዚያ የራሱን መግቢያ አስጻፈኝ፤ በቅድሚያ ለዚህ ላበቃን አምላክ ምስጋና ይግባው፣ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ የተከበራችሁ የወላጆች ተወካዮች፣ እያለ ይቀጥላል። የወላጆች ተወካዮች ምን ሊሠሩ እንደመጡ አላውቅም፤ ስብሰባ የለመደ ሰው አይተዋቸውም። በየገጹ መጀመሪያ ላይ ይግባ አለ፣ ገባ፤ ገጾቹንም ኢንተርኔት ላይ ጫንኳቸው። ታዲያ መፈለጊያው ውስጥ ገብቼ ሳይ ከእያንዳንዱ ርዕስ ሥር የሚታየው ያው ምስጋና ነው። የመንገድ ምልክት የፈለገም፣ ስለ ፈተና የፈለገም፣ ሁሉም የሚያገኘው የተከበሩ የወላጆች ተወካዮችን ሆነ። ማሽኑም ገጾቹን አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ መሰለኝ ጥግ ላይ ወረወራቸው።

«አባዬ» አልኩት፣ እንዳላስቀይመው ድምፄን አለስልሼ፣ «አንድ ቤት ውስጥ ከሳሎን ወደ ጓዳ ስትሄድ እንደገና እንደምን ዋላችሁ ትላለህ?»

አሰበበት። «አልልም።»

«በቃ፣ ሰላምታው ዋናው በር ላይ ይሁን።»

በዚሁ ተስማማን። ሰላምታው ዋናው ገጽ ላይ ብቻ ቀረ፤ ሌሎቹ በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። የወላጆች ተወካዮችን ግን ከዋናው ገጽም ሰርዣቸዋለሁ። አልነገርኩትም።

ፋሲካ አልፎ ክረምቱ ሲጠጋ አንድ ቀን ስልኬን አውጥቼ «ዳገት ላይ መኪና ማስነሳት» ብዬ ብጽፍ፣ አናቱ ላይ እኛ! «የመንጃ ፈቃድ ፈተና» ብል እኛ። «ፈተና ላይ እግር ሲንቀጠቀጥ» ብል ከእኛ በቀር የጻፈ የለም። እልል አልኩ፣ በቁሜ ዘለልኩ። አባቴን አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኩን ራቅ አድርጎ አየውና «አላልኩሽም?» አለኝ። ከዚያ በፊት ምን ብሎኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላስታውስም።

ከዚያ ስልክ መደወል ጀመረ። ገጹ ግርጌ ላይ የአባቴን ቁጥር ስላሰፈርን ሰው ከየአቅጣጫው ይደውላል። ከደሴ ይደወላል፣ ከጅማ ይደወላል። «ጋሼ፣ ጽሑፍዎን አንብቤ ነው፣ ማርሽ ስቀይር ይጮህብኛል» ይላሉ። ሙያዬን በነጻ አልበትንም ያለው ሰውዬ ምሳውን ትቶ ያስረዳል። «አሁን የት ነህ? ዳገት ላይ? እየነዳህ ነው የምታወራኝ? ና ውረድ! አቁመህ ደውል!» ሲል ድምፁ ግቢውን ያናውጠዋል። ደስ ብሎታል። ወጣት ሆነ ማለት ይቻላል።

ወንበሩ ግን ባዶ ነው።

ይህንን ነው ልረዳው ያልቻልኩት። ሰው ያነባል፣ ይደውላል፣ ያመሰግናል፤ በበራችን የሚገባ ግን የለም። ክረምቱ ገባ። ከቆርቆሮው ወዲያ ያለው ጉድጓድ ውሃ ሞላ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አከራያችን አልፎ አልፎ ብቅ ብለው ባዶውን አግዳሚ አየት ያደርጉና ምንም ሳይሉ ይመለሳሉ። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። አዲስ ዓመት እየቀረበ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ጥያቄ አልቀረም፣ ከዚህ በላይ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። እናቴን ያለ ምክንያት እቆጣለሁ፣ ቀጥሎ አለቅሳለሁ።

አንድ ከሰዓት ከመገናኛ በታክሲ ስመለስ ፊቴ ያለው ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ስለ መንዳት ያወራሉ። አንደኛው በእግሩ አየሩን እየረገጠ «በቃ ቀስ ነው፤ የተኛ ሕፃን ላይ ያለ ብርድ ልብስ እንደምትገልጥ አድርገህ» አለው።

ከመቀመጫዬ ልነሳ ስል ጣራው መታኝ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ እሱን የት ሰማኸው?»

«ኢንተርኔት ላይ አሪፍ ጽሑፍ አለ» አለኝ። «ሁሉን ነገር ነው የሚያስረዳው። ሰውየው የማያውቀው የለም።»

ደረቴ ተነፋ። «ታዲያ እዚያ ነው የምትሠለጥኑት?»

«አይ፣ እኛ መገናኛ ያለው ትልቁ ጋ ነን። እዚያኛውማ ሄደን ነበር፣ አጣነው። ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ይላል፤ ዳቦ ቤት የለም። ከትልቁ ዛፍ ፊት ለፊት ይላል፤ ዛፍ የለም። ቢጫ በር ይላል፤ ያለው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ እየመታን ዞርን ዞርንና ተውነው።»

«አትደውሉም ነበር?» አልኩት።

«ደውለን! ሰውየው በደስታ ነው ያስረዱን። ‹ኬላው ጋ ስትደርሱ ወደ ቀኝ› አሉን።» ሁለቱም ሳቁ። «የምን ኬላ? ታክሲ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠየቅን፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ‹እሱማ ድሮ ፈርሷል› አሉን።»

ከታክሲው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ስለ መኪና ሰው ሊጠይቅ የሚችለውን ሁሉ አቅደን ጽፈናል፤ እኛ የት እንዳለን ግን የጻፍነው ከድሮው ማስታወቂያችን ላይ እንዳለ ተገልብጦ ነው። ዳቦ ቤቱ ለመንገዱ ተብሎ ከፈረሰ ቆይቷል። ዛፉን ሲቆርጡት ቆሜ አይቻለሁ። ግን እኔም አባቴም በየቀኑ ስናልፍ በልባችን ዳቦ ቤቱ እዚያው እንዳለ ነበር፤ አቅጣጫ ስንጠየቅ የሚመጣልን የጠፋው ነው። ያን ሁሉ ሰው በራሳችን ጽሑፍ አምጥተን፣ በራሳችን አድራሻ አባረን፣ ለሌላ ማሰልጠኛ አስረከብነው። ቤት እንደገባሁ አባቴ ላይ ጮህኩ። «ኬላ! አባዬ፣ ኬላ? እኔ እንኳን አላውቀውም እኮ!»

«ኬላውን የማያውቅ ሰው ከየት መጣ?» አለ አባቴ፤ ግን ድምፁ ተሰብሯል።

በነጋታው አድራሻውን ልናስተካክል ተነሳን። ምን ብለን እናስተካክል? ካርታው ላይ ቦታችንን ስንፈልግ ጉድጓዱ መሐል አደረገን። ቆርቆሮው ላይ ቀስት በቀለም ሳልን፤ ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን ነቅለው ሌላ ቦታ ተከሉትና ቀስታችን ወደ ሰው መጸዳጃ ቤት ማመልከት ጀመረ። መሻገሪያው ሳንቃም ቢሆን ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ እዚያ። ማታ የጻፍኩት አቅጣጫ ጠዋት ውሸት ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ሁሉ ትርምስ መሐል በየቀኑ ጠዋት የማይለወጥ ነገር ምን አለ ብዬ ሳስብ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ታክሲ መውረጃው ጋ ቁም።»

«እኔ?» አለ። «በዚህ ዕድሜዬ ተራ አስከባሪ ልሁን? የማስተምራቸው ሰዎች ሲያዩኝ ምን ይላሉ?» ፊቱ ቀላ። መንገድ ላይ ቆሞ ሰው መጥራት እንደ ልመና ነው የታየው፤ አፈርኩ፣ ቃሌን ልውጠውም ከጀለኝ።

እናቴ ናት የጨረሰችው። «ተወው፣ አይቁም። አዲስ ዓመት ሲገባ እዚህ ተቀምጦ መጥረግ ያስተምረኛል።»

በማግስቱ ቡኒ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። እኔም የአድራሻውን ገጽ ደምስሼ ዳቦ ቤት የሌለበት፣ ዛፍ የሌለበት አዲስ ጽሑፍ አሰፈርኩ፤ ጉርድ ሾላ ሲወርዱ ቡኒ ካፖርት የለበሱ አባት ይፈልጉ፣ ያሻግሩዎታል ይላል።

መጀመሪያ ሰሞን የመጣለት የለም። ዝናቡ ይወርዳል፣ እሱ ይቆማል። ሰው ሁሉ እየቀረበ ሌላ ሌላውን ይጠይቀዋል፤ ባንኩ የት ገባ፣ የአያት ታክሲ ከየት ነው፣ ክፍለ ከተማ በየት ይኬዳል። ሁሉንም ደስ ብሎት ያሳያል። እኔ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየዋለሁ፣ ካፖርቱ ርሶ ከብዶታል። ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ። ልጠራው፣ «በቃ፣ ይቅር፣ ቡቲክ ይሁን» ልለው ተነሳሁ።

ያኔ አንዲት ሴት ከታክሲ ወረደች። ስልኳን አየች፤ አባቴን አየች፤ እንደገና ስልኳን አየች። ጃንጥላዋን ወደ እሱ ዘንበል አድርጋ «ይቅርታ አባባ፣ ካፖርቱ እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«እኔ ነኝ!» አለ አባቴ። እንደዚያ ኮርቶ ሲመልስ ሰምቼው አላውቅም። «ነይ፣ በዚህ ነይ። ሳንቃው ያንሸራትታል፤ እግርሽን አትዪ፣ ፊት ለፊት እዪ። ቀስ፣ አትቸኩዪ። አዎ! እንደሱ!» እጇን ይዞ አሻገራት። በራችን ላይ ስትደርስ የመጀመሪያውን ትምህርት ጨርሳ ነበር፤ መመዝገብ እንዳለባት ያስታወስነው ከዚያ በኋላ ነው።

እሷ ሌላ ሰው አመጣች፤ ያም ሌላ አመጣ። ጠዋት ጠዋት አባቴ በሳንቃው ላይ ሠልጣኝ ማመላለስ ሥራው ሆነ። «ካፖርቱ ጋ ውረድ» የሚሉ የታክሲ ረዳቶች እንኳን ነበሩ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አከራያችን በሩን ከፍተው ገቡ። መቀመጫ የለም፤ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ አሉ። ወጣት ሠልጣኞች ከፊት ወንበር ላይ ተነስተው አስቀመጧቸው። አባቴ ትምህርቱን አላቋረጠም፤ ዱላውን ምልክት ላይ አድርጎ «ይሄ ምንድን ነው እትዬ?» አላቸው። «እኔ ምን አውቄ» አሉ፤ ቀጥሎ ግን ሰረቅ አድርገው አዩትና «መቆም ነው መሰለኝ» አሉ። ክፍሉ አጨበጨበ። ሲወጡ ክንዴን ያዝ አድርገው «ያ የቡቲኩ ሰውዬ ሌላ ቦታ ይፈልግ» አሉኝ። በቆርቆሮው ክፍተት ወጣሁና ሠራተኞቹ እያዩኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ያን ዕለት ከአባቴ ጋር በእግራችን ወደ የካ ወጣን። ልጆች ለበዓሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸከማሉ፤ ጭቃው ደርቋል። አባቴ ያን ሁሉ ገጽ ስንጽፍ አንድም ጊዜ ከፍቶ አንብቦ አያውቅም፤ ሁሌም እኔ ነኝ የማነብለት። አድራሻውን ግን አላነበብኩለትም ነበር። ዳገቱ ላይ ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበና «ለመሆኑ ስለ እኔ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩለት። «ጉርድ ሾላ ሲወርዱ ቡኒ ካፖርት የለበሱ፣ ረጅም፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው አባት ይፈልጉ። የሚያሰለጥኑዎት እሳቸው ናቸው። እጅዎን ይስጧቸው፣ ያሻግሩዎታል።»

«ረጅም?» አለ። «እኔ ረጅም ነኝ እንዴ?»

«አይደለህም።»

«ታዲያ ሰው ይሳሳታል እኮ!»

«እስካሁን ማንም አልተሳሳተም» አልኩት።

ካፖርቱን ቆለፈና የቀረውን ዳገት ቀና ብሎ ወጣው።